መድኃኒት ያለው ውሃ

ጋምቤላ ምን ልታደርጊ ነው ላሉኝ ሁሉ «ቀንድ አውጣ ልሰበስብ» ማለት ሰልችቶኝ በመጨረሻ «ለሥራ ነው» ብቻ እያልኩ ወጣሁ። የምኖረው ባቱ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ ነው። እንጀራዬ በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ላብራቶሪ ውስጥ፣ አጥንት የሌላቸውን ትንንሽ የውሃ ፍጥረታት መመርመር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሥልጠና ላይ ድንጋይ ስለሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ስለ ኮራልና ስለ ባሕር ቀንድ አውጣዎች ሰማን። ወደ ውሃ የሚገቡ አንዳንድ ኬሚካሎች ሰውነት ለራሱ የሚልከውን መልእክት፣ ሆርሞን የምንለውን፣ ያዛቡታል። ኮራሉ እንቁላል መጣል ያቆማል፤ ሴቷ ቀንድ አውጣ የወንድ አካል ታበቅላለች፤ ሳትሞት መካን ትሆናለች። አሠልጣኙ ይህን ሲናገር የአዳራሹ ግማሽ ስልኩን ይነካካ ነበር። ባሕር የለንማ። እኔ ግን ወንዝስ አለን ብዬ አሰብኩ፤ ከወንዞቻችንም አንደኛ የመጣልኝ ባሮ ነበር።

ማክሰኞ

አዲስ አበባ አድሬ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ናሙና የማስቀምጥበት አልኮል በሁለት ትንንሽ ጄሪካን ይዣለሁ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲል እምቢ አልኩና ቀኑን ሙሉ በእግሮቼ መካከል አቅፌው ተጓዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዘይት መስሏቸው «በጾም ጊዜ ዘይት መያዝሽ ጥሩ ነው» አሉኝ፤ ዐቢይ ጾም ነበርና። አላረምኳቸውም።

ጅማን አልፈን በደሌ ስንገባ ዝናብ ያካፋ ነበር። ለእንደኔ ዓይነቱ የስምጥ ሸለቆ አቧራ ለለመደ ሰው የዚያ አገር አረንጓዴነት ግፍ ይመስላል። እኛ ዘንድ አንዲት ግራር በስም ትታወቃለች፤ እዚህ ዛፉ መንገዱን እየገፋ ይቆማል። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት እርጥብ ጫማዬን አይታ ሳልጠይቃት ወስዳ ምድጃ ዳር አደረቀችልኝ። ጠዋት አንዱ ጫማ በሙቀት ተጨማድዶ አገኘሁት። ይቅርታዋ ከጫማው ይበልጥ ስላሳዘነኝ ምንም አልሆነም ብዬ እያነከስኩ ወጣሁ።

ረቡዕ

ከመቱና ከጎሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰውም አብሮ ልብሱን እያወለቀ ይወርዳል። ጎሬ ላይ ጃኬት፣ ትንሽ ዝቅ ሲል ሹራብ፣ ቆላው ሲጀምር ሁሉም በሸሚዝ ቀርቶ መስኮት ይከፍታል። ባቱ ሙቀት አለ እያልኩ የማማርር ሰው ነበርኩ። ከእንግዲህ አላማርርም።

መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። ፖሊሱ አንዱን ጄሪካን ከፍቶ አሸተተና «አረቄ ነው» አለ።

«አይደለም፤ መድኃኒት ነው» አልኩት።

የምን መድኃኒት እንደሆነ ጠየቀኝ። የቀንድ አውጣ አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝና ቀንድ አውጣ እንደሚታመም ዛሬ ገና መስማቱን ነግሮ አሳለፈኝ። የሞቱትን እንዳይበሰብሱ ማቆያ መሆኑን ብነግረው እስካሁን እዚያው ነበርኩ።

መናኸሪያ የጠበቀኝ ኦሞድ ነው፤ የዓሣ ሀብት ባለሙያ፣ ረጅም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። በስልክ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። በባጃጅ ወደ መሃል ከተማ ወስዶ የያዘልኝን አልጋ ሲያሳየኝ ውሃ የለም፤ ይባስ ብሎ የቤቱ ጌታ የጄሪካኑን ሽታ አወቁት። አማኝ ሰው ናቸው፤ አልኮል ደጃፋቸውን እንደማያልፍ በትሕትና ነገሩኝ። ለሳይንስ ነው ብል አልተበገሩም። ኦሞድ እየሳቀ ሻንጣዬን ተሸክሞ አክስቱ ቤት አመጣኝ።

አክስቱን ሁሉም ማማ አሪየት ይሏቸዋል። በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራሉ። ግቢያቸው ከከተማው ዳር ነው፤ ትልቅ ማንጎ፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር፣ አጥሩን አልፎ የቤተ ክርስቲያናቸው ቆርቆሮ ይታያል። ስለ ጄሪካኑ ኦሞድ በአኝዋክኛ ሲያስረዳቸው እጃቸውን አወዛውዘው አስቆሙትና ራሳቸው ተሸክመው ከአጥሩ ሥር ሳፋ ደፉበት። ከዚያ የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡልኝ፤ ሰሃኑን ሞልቶ ጭራው ወጥቷል። ጾም ነው ስላቸው ዓሣውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይሄ ሥጋ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ነው የነበረ» አሉ። ባቱ ውስጥም በየዓመቱ የምንከራከርበት ነገር ነው፤ እናቴ ግን ተከራክራ አታውቅም፣ አትበላም፤ እኔም በእሷ መንገድ ነኝ። ማማ አሪየት ሳይቀየሙ ተነሥተው የበቆሎ ገንፎና የተቀቀለ ጎመን ሠሩልኝ። ስበላም ቆመው አዩኝ፤ «ብላ፣ ብላ» እያሉ። በአማርኛ ወንድና ሴት አይለዩም፤ እኔም ሳልበላ አልቀረሁም።

ልጃቸው አጁሉ ከምትሠራበት ኮፒ ቤት ስትመጣ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ባሏ ለሥራ ኢታንግ ስለሆነ እናቷ ዘንድ ሰንብታለች። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ እሑድ እሑድ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ከአማርኛ ወደ አኝዋክኛ የምታስተረጉመው እሷ ናት። ማማ አሪየት በምግብ ጸሎት ላይ ደጋግመው ስሟን ሲጠሩ ምክንያቱን ኦሞድ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርደውባታል። ውሃ ስጠይቅ ከእንስራው ቀዱልኝ። አጁሉ ግን ከሌላ ቢጫ ጄሪካን ለራሷ ቀዳች። ያንን ሌላ ሰው እንደማይነካው አየሁ። እንደ እኛ ጠበል መስሎኝ፣ ፕሮቴስታንትም ጠበል ይጠጣል እንዴ ብዬ በሆዴ ተገረምኩ።

ሐሙስ

የፈለግኩት ቀንድ አውጣ ለየት ያለ ነው። እንደ ሌሎቹ እንቁላል ጥሎ አይሄድም፤ ሴቷ ልጆቿን ቅርፊታቸውን እስኪለብሱ ድረስ በውስጧ ታሳድጋለች። ወንዱን ከሴቷ ለመለየት ግንባሩን ማየት ነው፤ የወንዱ የቀኝ ቀንድ አጭርና ደንዳና ነው። ሴቷን ስትከፍቷት የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች ተደርድረው ይታያሉ፤ ማጉያ እንኳ አያስፈልግም። በሥራዬ ብዙ ነገር ከፍቻለሁ፤ ያንን ሳይ ግን ሁሌ መልሼ ልከድነው ይቃጣኛል።

ኦሞድ የወሰደኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ከወንዙ ተከፍሎ ወደሚሄድ ቀጭን የውሃ ክንድ ነው። በጋ ስለሆነ ጎድሎ ድንጋዩ ተገልጧል። በላይኛው በኩል ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ አንዱ ስለተጨማደደ ማውለቁ እረፍት ነበር። ቀንድ አውጣው ሞልቷል፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጥፍር የማያህል። የከፈትኳቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘዋል። ደስ ብሎኝ ስለ ባቱ ሐይቅ ለኦሞድ ብዙ አወራሁለት።

ከዚያ አንድ ትልቅ እርሻ አለ፤ ስሙን አልጽፍም። ከእርሻው በታች ስንወርድ ያገኘነው ትልልቅ ቀንድ አውጣ ብቻ ነው። ቅርፊታቸው ያረጀ፣ ሽበት ያወጣ የሚመስል። ትንሽ የሚባል ስንፈልግ ዋልን፤ አጣን። ሴቶቹን ስከፍት ባዶ ናቸው። ደግሜ ከፈትኩ፤ ባዶ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቀኝ ቀንዳቸው ሴት ልበላቸው ወንድ ልበላቸው ግራ የሚያጋባ ነበር። ላብራቶሪ ሳይገባ አልምልም፤ ይህን ስጽፍም የውሃው ናሙና ውጤት ገና አልመጣም። ነገር ግን ሰፈር ገብታችሁ አዛውንት ብቻ ብታገኙ፣ አንድም ልጅ ባታዩ፣ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ባዶዎቹን አንድ በአንድ ወደ አልኮሉ ጨመርኩ።

እዚያው ተቀምጠን ሳለ ሴቶች ጄሪካን ይዘው መጡና ከእግሬ በታች መቅዳት ጀመሩ። ላይ ንጹሕ ውሃ እያለ ለምን እዚህ ድረስ እንደሚወርዱ ኦሞድ ጠየቃቸው። የመለሱለትን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ለእኔም ተረጎመልኝ። የእርሻው ሠራተኞች ፀረ ተባይ የሚረጩበትን ታንክ እዚህ ያጥባሉ፤ ውሃው መድኃኒት አለው ብለው ነግረዋቸዋል። ሴቶቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚቀዱት። በተለይ ልጅ ለሚፈልጉ ጥሩ ነው፤ አጁሉ በቤተ ክርስቲያን ቆማ መስክራለች፤ ሁለት ወርደውባት ይኸኛውን በዚህ ውሃ አቆይታለች።

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ይህን አይሳሳትም። የአይጥ መድኃኒት አይጥ እንደማያድን፣ የትኋን መድኃኒት ለትኋን እንደማይሰጥ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ቋንቋውን ከመጽሐፍና ከገበያ የተማረ ሰው ግን ቃሉን እንዳለ ያምነዋል፤ ማመኑም ትክክል ነው። እኔ ራሴ በዋዜማው ዕለት ፖሊስ ፊት ምን ብዬ እንዳለፍኩ ታውቃላችሁ።

ዓርብ

ማማ አሪየት ሥራ ሲሄዱ አጁሉን ማንጎው ሥር አገኘኋት። ቢጫው ጄሪካን አጠገቧ ነበር። እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ በቀንድ አውጣዎቹ ጀመርኩ። ሴቶቹ ባዶ መሆናቸውን፣ የታንኩን እጥበት፣ እንዲህ ያሉ ኬሚካሎች በመውለድ ላይ የሚያደርጉትን ነገርኳት። ጨርሼ እስክቆም ድረስ አላቋረጠችኝም።

«እህት ጽጌ፣ ሁለቱን ያጣኋቸው የቧንቧ ውሃ እየጠጣሁ ነው» አለች። «ይኸኛውን ያቆየሁት በዚህ ነው። አንቺ ቀንድ አውጣ ከፍተሽ አየሽ። እኔ ልጄ ሲገላበጥ ይሰማኛል።»

 ካልተመረመረ አላምንም እያልኩ ሰው የማሰለች ሴት ነኝ፤ አሁን ለእሷ የምሰጣት ምርመራ የለኝም። ውሃው ልጇን ይጎዳል ብዬ ላረጋግጥላት አልችልም፣ አይጎዳም ማለትም አልችልም፤ ብቻ እህቴ ብትሆን አንድ ጉንጭ አላጠጣትም። ይህንኑ ነገርኳት። ጄሪካኑን ትኩር ብላ አየችው።

«አማርኛ ለሚያድነውም ለሚገድለውም አንድ ቃል ነው ያለው?»

«መርዝ የሚል ቃል አለን።»

«ታዲያ ለምን እሱን አላሉንም?»

ተነሥታ ወደ ኮፒ ቤቷ ሄደች። ጄሪካኑን አልደፋችውም፣ ይዛውም አልሄደችም። አፈርኩ፤ በቋንቋዬ ማፈሬ ነው፤ ከዚያ በፊት በእሱ አፍሬ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ያንን ጄሪካን እየዞርኩ ሥራዬን ለመሥራት ሞከርኩ። ማማ አሪየት ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጭ ብለው መሐረባቸውን ከራሳቸው ፈቱና ጭናቸው ላይ አጣጠፉት፤ ከዚያ «ሌሎቹ ሴቶችም ጠጥተዋል» አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የጠጡትም ልጃቸውን አጁሉን አምነው ነው።

ቅዳሜ

ከኦሞድ ጋር እርሻው ድረስ ሄድን። የተቀበለን የሠራተኞች አለቃ ከደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ ጥላ ሥር አስቀምጦ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጣልን። ክፉ ሰው ጠብቄ ነበርና ደግነቱ አናደደኝ። ጓንት የለውም፤ እጁ በሚረጨው ነገር ተላልጧል። ሴቶቹ ከዚያ ውሃ እንደሚጠጡ ስነግረው ደነገጠ።

«እኔ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ» አለ። «መድኃኒት አለው ብያለሁ።»

«አትጠጡ ብለሃቸዋል?»

«መድኃኒት አለው ከተባለ ማን ይጠጣል?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀው።

ኦሞድ ነገሩን በቀስታ ሲያስረዳው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የእጥበቱን ቦታ ከወንዙ እንደሚያርቅ ቃል ገባ። እሱ ራሱ ተቀጣሪ ስለሆነ ቃሉ የት ድረስ እንደሚሄድ አላውቅም፤ ኦሞድ ለቢሮው አመልክቶ ይከታተለዋል። ስንመለስ ባጃጁ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ሦስታችንም ገፋነው። ባለ ባጃጁ መድከሜን አይቶ ከወንበሩ ሥር ማንጎ አውጥቶ ሰጠኝ። ባቱ ቢሆን ገፍቼም እሰደብ ነበር።

ግቢው ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ማማ አሪየት ዘንድ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገ ከስብከቱ በኋላ እንድናገር ለመኑኝ። ከአማርኛ ወደ አኝዋክኛ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ኦሞድ እኔ ልመልስ አለ። አጁሉ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ሳትል «የእኔ ሥራ ነው» አለች።

እሑድ

በሌላ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቆም ከብዶኝ ነበር። ነጠላዬን ለብሼ በጾም ሰዓት ከበሮና ጭብጨባ መሃል ስገባ እናቴ ብታየኝ አልኩ። ነገር ግን ሰዉ ቦታ ለቆልኝ፣ አንዲት እናት ማራገቢያቸውን ሰጥተውኝ፣ ተረጋጋሁ። አጁሉ ነጭ ለብሳ አጠገቤ ቆመች። አብሬያት ሳለሁ ከዓርብ ጀምሮ ከቢጫው ጄሪካን ስትጠጣ አላየሁም፤ ጠይቄም አላውቅም።

አጭር አጭር ዐረፍተ ነገር ተናገርኩ። ስለ ቀንድ አውጣ ስጀምር ፈገግ ያሉ ነበሩ፤ ልጆቿን በውስጧ ታሳድጋለች ስል ሴቶቹ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ከእርሻው በታች ያሉት ባዶ ናቸው አልኩ። አጁሉ እያንዳንዱን ወዲያው ትመልሰዋለች፤ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። በመጨረሻ የመጣሁበትን ቃል ተናገርኩ።

«ያ ውሃ የሚያድን ነገር የለውም። ያለበት መርዝ ነው።»

ይህንን አልመለሰችውም። ሰው ሁሉ አያት።  ቀጥሎ መናገር ስትጀምር የእኔ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ፤ በጣም ረዘመ። አንድም ቃል አልገባኝም፤ ፊቶቹን ብቻ አየሁ። ከሴቶቹ ወገን አንዷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከበሮው ላይ የተቀመጠው ሰው እጁን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አጁሉ ጨርሳ ከእኔ ፊት አልፋ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። ማንም አልዘመረም።

ስንወጣ ምን እንዳለች ማማ አሪየትን ለመንኳቸው። ቃል እየፈለጉ፣ ቆም እያሉ ነገሩኝ።

«እዚህ ቆሜ ውሃው ልጅ ይሰጣል አልኩ፤ አለች። ልጅ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው። እኔ አማርኛውን አላወቅሁም፤ ተሳሳትኩ። ውሃው መርዝ ነው፤ ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ። በእኔ ተቆጡ፣ ብቻ አትጠጡ። እንደዚህ አለች።»

እንባቸው እየወረደ ነበር፤ አልጠረጉትም። እኔም አለቀስኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ግቢው መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዳንዶቹ በእርግጥ ከበር ሆነው ጠንከር ያለ ነገር ተናግረው ሄዱ። አብዛኞቹ ግን መጥተው አጁሉ አጠገብ ተቀመጡ። እኛ አገር ለለቅሶ እንደሚቀመጡት ነው፤ የሞተ ሰው ብቻ የለም። ምን ይሆን ይሆን እያሉ ሆዳቸውን የነኩም ነበሩ፤ ኦሞድ ሰኞ ጤና ጣቢያ ይዟቸው ሊሄድ ስማቸውን ጠየቀ።

ሰኞ

ማማ አሪየት ንጋት ላይ የበቆሎ ቂጣ ቋጥረውልኝ፣ ዘይት አለመግባቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጠውልኝ ተሰነባበትን። አጁሉ መናኸሪያ ድረስ እሸኝሻለሁ አለች። ከልክያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ከባጃጁ እንደወረድን ዕቃዬን ተቀብላ ለረዳቱ አቀበለችው፤ የቀንድ አውጣዎቹን ሣጥን ግን ራሷ ይዛ እስክገባ ጠበቀች። በመስኮቱ ስትሰጠኝ ከእጇ ቶሎ አልለቀቀችውም።

«ወንዙ ውስጥ የቀሩት ንጹሕ ውሃ ቢያገኙ ይወልዳሉ?» አለችኝ።

የማላውቀውን አውቃለሁ ልላት አልቻልኩም። ወጣቶች ካሉባቸው ምናልባት እነሱ ይወልዱ ይሆናል፤ ስለ አሮጌዎቹ አላውቅም አልኳት።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አጁሉ ሣጥኑን ለቃ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው» አለች።